የሚስ ኢኒድ የወንዝ ወረቀት

ሚስ ኢኒድ ትሬዌላ እርሳስ ሲቀርጹ ማንም ደፍሮ አያናግራቸውም ነበር። ምላጩን በአውራ ጣታቸው ይዘው፣ ፍቅፋቂውን አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እያራገፉ፣ ጫፉ መርፌ እስኪመስል ይቀርጹታል። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው፣ ግራፍ ሊያሠራ የመጣውን ሰው፣ መሐንዲስም ይሁን አለቃ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል።

«ማነው የሚያየው?»

እኔ ቦላራ ወደምትባለው ከተማቸው የሄድኩት ይህ ጥያቄ ከናካቴው እንዳይጠየቅ ለማድረግ ነበር። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሜልቦርን ከነትዕቢቴ ወጥቼ፣ አንድ ትልቅ ኮምፒውተርና ብዕር ይዞ ወረቀት ላይ የሚሮጥ ማሽን ተከትዬ፣ ከግድቡ ሥር ወዳለችው የወተት ከተማ መጣሁ። አገሩ ሁሉ ከጫማና ከኢንች ወደ ሜትር በተዛወረ ማግስት ነው። የውሃው መሥሪያ ቤት ማሽኑን የገዛው ግራፉን ሁሉ ብቻውን እንዲስል ነበር፤ እኛ ቁጥሩን አጉርሰነው ዞር ስንል የቀረውን እሱ እንዲጨርስ።

ሚስ ኢኒድ ያንን ሥራ በእጃቸው መሥራት ከጀመሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በተቀመጡባት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ዘንበል ያለች ጠረጴዛ ላይ፣ የግድቡን ውሃ፣ ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታ፣ ከግድቡ ግርጌ የሚንጠባጠበውን ሳይቀር ስለዋል። አላገቡም። አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ ሞተች። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ውሻ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷቸው ነበር፤ እነዚያን ሦስት ዓመታት እዚያችው ጠረጴዛ ላይ መጨረስ ነበር የሚፈልጉት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

አለቃችን ሚስተር ዊልሞት ግን ገና በገባሁበት ቀን በሩን ዘግቶ ቁርጡን ነገረኝ።

«ስማኝ ፕሮፌሰር። ማሽኑ ያለ ሰው እጅ መሳል ከቻለ የመስኮቷ ጠረጴዛ ትዘጋለች። ካልቻለ ማሽኑን ወደ መጣበት እልከዋለሁ፤ አንተንም ከላዩ ላይ አስሬ።»

«ሚስ ኢኒድስ?»

«ለሷ ኬክ እናስጋግርላታለን።»

የዚያ ቢሮ ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። ስወጣ ሚስ ኢኒድ ምላጩን አስቀምጠው ነበር። ቀና ሳይሉ «ክሬም ያለበት ይሁን በለው» አሉኝ። እስከ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ማሽኑ የመጀመሪያውን ግራፍ ሲስል የቢሮው ሰው ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ከቦ ቆመ። ብዕሩ ሽው ሲል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግራፉ የግድቡ ውሃ የአንድ ወር ከፍታ ነበር። ለማሽኑ የሰጠሁት ትእዛዝ ቀላል ነበር። ትንሹን ቁጥር ከታች አድርግ፣ ትልቁን ከላይ፣ መካከሉን አሥር እኩል ቦታ ክፈለው፣ በየክፍሉ ጭረት አድርገህ ቁጥሩን ጻፍበት። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል! ሚስ ኢኒድ መጨረሻ ላይ መጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉና በግራ በኩል የተደረደሩትን ቁጥሮች ጮክ ብለው አነበቡ። አርባ አንድ ነጥብ አንድ ሦስት ሰባት። አርባ አንድ ነጥብ ሁለት ዘጠኝ አራት። አርባ አንድ ነጥብ አራት አምስት አንድ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ። «የዘመዶችህ ስልክ ቁጥር ነው?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

«ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው» አልኩ።

«ማን ውሸት ናቸው አለህ? ማን ያነባቸዋል ነው እንጂ! ደግሞ መስመሩን እየው፤ ከላይ ጣራውን ነክቶ፣ ከታች ወለሉን ነክቶ። መተንፈሻ እንኳ አልተውክለትም።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ገና ኮቴን ሳላወልቅ ጠሩኝ።

«ወንበርህን ሳብ፣ ሜልቦርን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሜልቦርን ሆኖ ቀረ። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ዴስ የሚለውን የሚያስታውሰው የደመወዝ ጸሐፊው ብቻ ነበር።

«ሚስ ኢኒድ፣ ለምን ያስተምሩኛል?» አልኳቸው። «ማሽኑ ከተማረ እኮ...»

«አውቃለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።» ማስመሪያቸውን አነሱ። «ግን ሳላስተምርህ ብተውህ ያንን ጉድ በመሥሪያ ቤታችን ስም ትለጥፈዋለህ። እሱን አይቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አራት ወር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ከተቀመጥኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ያቺን ወንበር ነው የምናፍቀው፤ ዩኒቨርሲቲውን አይደለም፣ በኋላ የተሰጠኝን ምንጣፍ ያለውን ቢሮም አይደለም። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የቀለም ጠርሙሱን ታሞቀዋለች። አራት ሰዓት ሲሆን ሻይ ይመጣል፤ ሚስ ኢኒድ ከቤት ያመጡትን፣ ቸኮሌት የተነከረና ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ በናፕኪን ላይ ይዘረጋሉ። «ወረቀት ላይ አንዲት ፍርፋሪ ብትወድቅ እጅህን እቆርጠዋለሁ» ይሉኛል፤ ራሳቸው የጣሉትን ደግሞ በትንፋሻቸው እፍ ብለው ያባርራሉ።

እሳቸው ሕግ እንዳላቸው አያውቁም ነበር። ስጠይቃቸው «ዓይኔ ነው የሚነግረኝ» ነው መልሱ። ዓይንን ደግሞ ለኮምፒውተር ማጉረስ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ደብተር አወጣሁና ለሚስሉት ሁሉ፣ ትንሹ ቁጥር ስንት ነው፣ ትልቁ ስንት ነው፣ እሳቸው ከየት ጀመሩ፣ የት አበቁ፣ ጭረቱ በስንት በስንት ይሄዳል፣ እያልኩ መመዝገብ ጀመርኩ። ሁለት መቶ ያህል ከሞላሁ በኋላ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ጭረቶቻቸው የሚሄዱት ወይ በአንድ፣ ወይ በሁለት፣ ወይ በአምስት ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ በአሥር፣ በሃያ፣ በሃምሳ ይሆናል፤ ሲያንስ በነጥብ አንድ፣ በነጥብ ሁለት፣ በነጥብ አምስት። በሦስት የሚሄድ የለም። በሰባት የሚሄድ የለም።

«በሰባት ለምን አይሄድም?» አልኳቸው።

«ሰባት በሰባት የሚቆጥር ሰው የት አይተሃል?»

«ሳምንትስ?»

«ሳምንትን እግዜር ነው የመረጠው። ለሱ ግራፍ ስዬለት አላውቅም።»

የቀረውንም እንዲሁ በቀልድ በቁጣ እየመነጨቅኩ ወሰድኩ። ጭረቶቹ ከአራት ካነሱ ዓይን ይባዝናል፤ ከስምንት ከበለጡ አጥር ይሆናሉ። የታችኛው ጫፍ ከትንሹ ቁጥር በታች ያለችው ሙሉ ጭረት ናት፤ የላይኛው ጫፍ ከትልቁ ቁጥር በላይ ያለችው። መስመሩ ጠርዝ ከነካ አንድ ጭረት ይጨመርለታል። ከዜሮ መጀመር ወይም አለመጀመር ላይ ሲደርሱ ግን ቀልድ የለም።

«ሊያልቅ የሚችል ነገር ከሆነ ከዜሮ ጀምር» ይሉኛል። «ወተት ያልቃል። ውሃ ያልቃል። ምን ያህል እንደቀረው ሰው በዓይኑ ማየት አለበት። ሙቀት ግን አያልቅም፤ ውጭው ሠላሳ ዲግሪ እየነደደ ዜሮን ከመሬት ሥር ጎትተህ ምን ታደርገዋለህ?»

«ማሽኑ እኮ ወተትን ከሙቀት አይለይም፣ ሚስ ኢኒድ።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ትንሹ ቁጥር ከትልቁ ሲሶ ካነሰ ከዜሮ ይጀምር። ካልሆነ በቁጥሮቹ ዙሪያ ብቻ ይቆይ።»

ኬካቸውን አኘኩ፣ ዋጡ፣ አሰቡ። «ግምት ነው።»

«ግምት ነው።»

«ደህና ግምት ነው» አሉ። ዲግሪ የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንዲያ ደስ አላለኝም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ቁጥሮቿን ኮምፒውተሯ ላይ ዘርግፋ አንድ ቁልፍ ስትነካ ግራፉ ከነጭረቱ ብቅ ይላል፤ ዜሮ፣ ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ። ማን እንደመረጠላት ጠይቃ አታውቅም። ሚስ ኢኒድ ፈጠሩት አልልም። በየአገሩ መስኮት ሥር የተቀመጠ፣ እርሳስ የሚቀርጽ አንድ ሰው ነበር፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብም ደብተር የያዘ አንድ እንደኔ ያለ ሌባ። የኔን ግን አውቃቸዋለሁ።

ሕጉን ሁሉ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼ ስጨርስ አንዲት ወረቀት ብቻ አሻፈረኝ አለች። በየዓርቡ የምትሰቀለው የወንዙ ከፍታ ወረቀት ናት፤ አንዷ ቅጂ በቅቤ ፋብሪካው በር፣ አንዷ በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ መስተዋት ሥር። ወንዙ ወረደም ወጣም ያቺ ወረቀት ሁልጊዜ ከዜሮ ጀምራ ሰባት ነጥብ ሦስት ሜትር ላይ ታበቃለች። ሰባት አይደለ፣ ስምንት አይደለ፣ ሰባት ነጥብ ሦስት! ደግሞ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሜትር አካባቢ ስለሚተኛ መስመሩ ከታች ተጋድሞ ሁለት ሦስተኛው ወረቀት ባዶ ነው።

«ይቺን ለምን እንዲህ አደረጓት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ራስዎ ያሉትን ሁሉ አፍርሳለች እኮ።»

ሚስ ኢኒድ እርሳሱን በጣቶቻቸው መካከል አገላበጡት። 

«ለምዶባት ነው» አሉኝ።

ሌላ አልጨመሩም። እኔም የአሮጊት ድርቅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ሲያካፋ በሰነበተበት ዓርብ፣ ሚስተር ዊልሞት «ዛሬ ማሽኑ የሳላትን እንስቀል» አለ። ማሽኑ ቁጥሮቹን ዋጠ። ወንዙ በሳምንቱ መጀመሪያ ሁለት ነጥብ አንድ ሜትር ነበር፤ ዓርብ ጠዋት ሁለት ነጥብ አራት ሦስት ደረሰ። የጨመረው አንድ ክንድ እንኳ አልሞላም። ማሽኑም በተማረው መሠረት ከሁለት ጀምሮ ሁለት ነጥብ አምስት ላይ አበቃ፤ ጭረቱ በነጥብ አንድ በነጥብ አንድ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣ ወረቀቱን ሞላው። ቆንጆ ነበረች። ለሚስ ኢኒድ አሳየኋቸው። ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ቁጥሮቹ ያምራሉ» አሉ። ኮታቸውን አንስተው ለምሳ ወጡ።

በእጄ ወስጄ ሁለቱም ቦታ ሰቀልኳት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። በመስኮት ስመለከት ዋናው መንገድ በላም ተሞልቷል። ላም ከዳር እስከ ዳር፤ በጋራዡ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ አንዷማ በፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ። ሁሉም ወደ ኮረብታው ነው የሚነዱት። የዝናብ ልብስ የለበሰ አንድ ገበሬ ትራክተሩን እያጓራ ሲያልፍ ሮጬ ደረስኩበት።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምን ተፈጠረ ይለኛል እንዴ!» አለ። «ወንዙ ሁለት ጣት ነው የቀረው! አንተም እግርህን ብታነሳ ይሻልሃል!»

«የምን ሁለት ጣት?»

መልስ ሳይሰጠኝ ሄደ። ወደ ድልድዩ ሮጥኩ። ወንዙ እንደ ትናንቱ፣ ቡኒ ሆኖ፣ ቅጠል እየገፋ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዳክዬዎች ዳሩ ላይ ተኝተዋል። እዚያ ድልድይ ላይ በዝናቡ ቆሜ የተሠራሁት ጉድ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ናት ያስረዳችኝ፣ እየሳቀች ይሁን እየተናደደች ሳይለይልኝ። የቦላራ ገበሬ ቁጥር አያነብም። ላም አልቦ ወደ ፋብሪካው ወይ ወደ መጠጥ ቤቱ ሲመጣ መነጽሩ ቤት ነው፣ እጁ ጭቃ ነው። መዳፉን መስተዋቱ ላይ፣ ከወረቀቱ የላይኛው ጠርዝ ሥር ያሳርፋል። ከጠርዙ እስከ መስመሩ አንድ ጋት ከቀረ ላሞቹን ከሜዳው ያወጣል። ሁለት ጣት ከቀረ ልጆቹንም ይዞ ኮረብታ ይወጣል። አባቶቻቸውም እንዲህ ነበር የሚያነቡት። ወረቀቷ በጫማ ዘመን ሃያ አራት ጫማ ላይ ነበር የምታበቃው፤ ሜትር ሲመጣ ሃያ አራት ጫማ ሰባት ነጥብ ሦስት ሜትር ሆነ፤ ቁጥሩ ተቀየረ እንጂ ወረቀቷ አንዲት ፀጉር አልተንቀሳቀሰችም። የኔ ማሽን ግን ሁለት ነጥብ አራት ሦስት ሜትር የሆነ የዋህ ወንዝ ወስዶ ጠርዙ ሥር ሁለት ጣት ላይ ሰቀለው።

አሥራ አንድ ቤተሰብ ዘጠኝ መቶ ያህል ላም ሳያልብ ኮረብታ አወጣ። ክላሪ ሆስኪን የሚባል የሰባ አንድ ዓመት ሰው ላሞቹን እየነዳ ሲወጣ ጭቃው አንሸራቶት የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ክላሪ የሚስ ኢኒድ የሟች እህት ባል ነው።

ሰኞ ጠዋት ገበሬዎቹ ቢሮውን ሞሉት። እኔን ሲያዩኝ «ይኸውላችሁ፣ የጎርፉ ጌታ!» ብሎ አንዱ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ሌሎቹ ግን ለቀልድ አልመጡም። ጡቷ ያበጠባት ላም ያላቸው ነበሩ፣ ክላሪን በቃሬዛ የተሸከሙ ነበሩ። ሚስተር ዊልሞት መቶ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ሁሉም እየሰሙት ወደ መስኮቱ በእጁ አመለከተ።

«ማሽኑ ዛሬውኑ ይሸፈናል። ወረቀቷ ወደ ኢኒድ ተመልሳለች። ጡረታዋ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ጠረጴዛ የሚያነሳት ሰው የለም። ቃሌ ነው።»

ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። ሚስ ኢኒድ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። ሦስቱ ዓመታት እጃቸው ገብተው ነበር፤ ዝም ብለው መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

ቢሮው ለምሳ ሲወጣ እኔ ማሽኑ ላይ ሸራ እያለበስኩ ነበር። መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«በጣታቸው እንደሚለኩ። ሜትር የመጣ ጊዜ ወረቀቷን ያልነካሁት ለዚያ ነው። ስትጠይቀኝ ልነግርህ እችል ነበር። ዓርብ ዕለትም፣ ይዘሃት ስትመጣ፣ ልነግርህ እችል ነበር።» «እንድትወድቅ ፈለግኩ፣ ሜልቦርን። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው ይስቃል፣ ማሽኑ ይመለሳል አልኩ። ሰው ይሰበራል አላልኩም።»

የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን አንጀቴን በሉት።

«ማንም አያውቅም» አልኳቸው። «እኔም ለማንም አልናገርም። ይቀመጡ።»

«ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ክላሪ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ኢኒድ፣ ያንቺ ወረቀት እኮ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር› አለኝ። አሁንም እኔ የሳልኳት ነው የሚመስለው።» መሐረባቸውን ከእጅጌያቸው አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ሸራውን አንሳው። አንድ ካርድ አምጣ።»

ያኔ ፕሮግራም የሚጻፈው ቀዳዳ በተበሳበት ካርድ ነበር፤ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ካርድ። ሚስ ኢኒድ ቆመው ነገሩኝ። ለዚች ወረቀት ማሽኑ ምንም አይምረጥ። ከዜሮ እስከ ሰባት ነጥብ ሦስት፣ ቁመቱ አሥራ ሁለት ኢንች፣ ወንዙ ምንም ይሁን ምን። ካርዱን በስቼ ቁልሉ ውስጥ ሰካሁት። ማሽኑ ስሎ ሲጨርስ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፣ እንደ ገበሬዎቹ። ከዚያ ይዘዋት ወደ ሚስተር ዊልሞት ክፍል ገቡ።

በዚያ ስስ ግድግዳ ሁሉንም ሰማሁ።

«ማሽኑ ነው የሳላት» አሉ ሚስ ኢኒድ። «በጋት ቢለኳትም በጣት ቢለኳትም ከኔ እጅ አትለይም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። የዓርቡ ጥፋት ደግሞ የኔ ነው። ልጁ ጠይቆኝ ዝም አልኩት።»

ሚስተር ዊልሞት ወንበሩን ሲስብ ሰማሁ። «እንግዲህ ማሽኑ ከቻለ... ለገበሬዎቹ የሰጠሁት ቃል እንዳለ ሆኖ...»

«ገባኝ» አሉ። «አታስጨንቅ ራስህን።»

ተነስቼ ሦስት እርምጃ ብሄድ፣ በሩን ከፍቼ «ያለ እሳቸው ማሽኑ ምንም አይደለም፣ ያቺን ካርድ እንኳ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ» ብል የሚቀየር ነገር ይኖር እንደሆን ዛሬም አላውቅም። አልተነሳሁም። ማሽኔ ተመልሶልኝ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ማሽኔን ወደድኩ። ይኸው ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ኬኩ መጣ። ክሬም ነበረው። ሚስተር ዊልሞት ንግግር አደረገ፤ ስለ ሚስ ኢኒድ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ዘመኑ አምስት፣ ከዚያም ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ለማሽኑ ዓይን ያበጀለት ፕሮፌሰራችን!» አለ። ሰው አጨበጨበ። ሚስ ኢኒድም አጨበጨቡ። እኔ ፈገግ ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። በማግስቱ የመስኮቷ ጠረጴዛ ተነስታ በቦታዋ የወረቀት ካርቶን ተደረደረ።

ሦስት ዓመት ሳልጠይቃቸው ቆየሁ። ኀፍረት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መኪናዬን በራቸው አቆምኩ። በጓሮ አገኘኋቸው፤ ባቄላ በገመድ ያስራሉ። ከስተዋል፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው።

«ሜልቦርን! አርጅተሃል እኮ። ሚስት የለችህም?»

ሻይ አፈሉልኝ። ስለ ክላሪ ነገሩኝ፤ በምርኩዝ እየሄደ ላም ያልባል። ስለ ውሻው ነገሩኝ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ ብዙ ጊዜ ያሰቡበት ነገር እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ ጠየቁኝ።

«የካርዶቹ ቁልል መጀመሪያ ላይ አንድ ካርድ አለ ብለኸኝ ነበር። ማሽኑ የማያነበው፣ የሠራውን ሰው ስም ብቻ የሚይዝ።»

«አለ።»

«የማን ስም ነው ያለው?»

የኔ ስም ነበር ያለው። ብቻውን።

«የርስዎ ነው» አልኳቸው።

«እያሾፍክብኝ ነው።»

«አላሾፍኩም። የኔ አለ፣ ከበላዩ የርስዎ።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ኢኒድ ሜይ ትሬዌላ።»

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ከዚያ ተነስተው፣ እኔን እንደተቀመጥኩ ትተው፣ ወደ አጥሩ ሄደው ጎረቤታቸውን ጠሩ። «ጆይስ! ነይ እስቲ፣ ይሄ ልጅ የሚለውን ስሚ!» ጆይስ መጣች፤ እኔም ያንኑ ውሸት በአጥር ላይ ደገምኩት። ሚስ ኢኒድ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ሰው ሳይገባ ቢሮ ገባሁ። ስማቸውን በአንድ ካርድ ላይ በሳሁና ቁልሉን ልከፍት ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ከገባ ወር ሆኖታል፤ የራሱን ፕሮግራም ከፋብሪካው ይዞ ነው የመጣው፣ ጭረቱን ራሱ ይመርጣል፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በአምስት። የወንዙን ወረቀት የሚይዘውን ትእዛዝም እዚያው ላይ ጽፌው ስለነበር የድሮዎቹን ካርዶች የሚፈልግ አልነበረም። ጽዳቶቹ ሐሙስ ዕለት በጋሪ አውጥተው አቃጥለዋቸዋል።

ሚስ ኢኒድ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በየገናው ካርድ ይልኩልኝ ነበር፣ በዚያ መርፌ በመሰለ እርሳስ የተጻፈ። ጆይስ እንደነገረችኝ፣ ለሐኪማቸውም፣ ለቄሱም፣ ባቄላ ሊገዛ ለሚመጣውም ሁሉ ስማቸው ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ይናገሩ ነበር። ሲቀበሩ ቄሱ ከመቃብሩ ራስ ቆሞ ያንኑ ተናገረ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ፣ እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።